ሃይላንድ ይዘን ወደ ሃይላንድ ፓርክ

ዓርብ

ኒውዮርክ የሄድኩት አራስ ልጠይቅ ነው። ብሩክሊን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። አክስቴ ደግሞ ልታርሳት ከአዲስ አበባ መጥታ ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። ቤተሰቡ በሙሉ እቴቴ ነው የሚላት። ከዋሽንግተን ስነሳ ሻንጣዬ ውስጥ የኔ የምለው ሁለት ቅያሪ ልብስ ብቻ ነበር። የቀረው የአጥሚት እህል፣ ንጥር ቅቤ፣ በርበሬና ኮረሪማ ነው። እቴቴ በስልክ አዝዛ ከሲልቨር ስፕሪንግ ያስገዛችኝ።

አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ተነሳ። ቅቤውን በላስቲክ ሦስት ጊዜ ጠቅልዬው ነበር፤ ሽታው ግን ላስቲክ አያውቅም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ኒው ጀርሲ እስክንደርስ አንዴ ሻንጣዬን፣ አንዴ እኔን ስታይ መጣች።

እውነቱን ለመናገር ከአራስ ጥየቃው ሌላ የያዝኩት ጉዳይም ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ወደ ሥራ ስሄድ በሰሜን ካፒቶል ጎዳና ነው የማልፈው። እዚያ ማክሚላን የሚባል የድሮ የውሃ ማጣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1905 ሥራ ጀምሮ የፖቶማክን ውሃ በአሸዋ እያጣራ ለከተማው ሲያጠጣ ኖሮ በ1980ዎቹ ሥራ ፈታ። ሣሩ አደገ፤ ክብ የአሸዋ ማማዎቹን ሐረግ ወረሳቸው። ለዓመታት በአጥሩ ቀዳዳ ሳየው ኖርኩ። አንዳንዴ ውስጡን ያስጎበኛሉ ሲባል እሰማና ነገ እመዘገባለሁ፣ ከነገ ወዲያ እመዘገባለሁ ስል ግንባታ ገባበት።

ይህን በስልክ ሳማርር የአክስቴ ልጅ «እኛ ሰፈርም እኮ አለ» አለችኝ። «ውሃ ማጠራቀሚያ የነበረ ነው፤ አሁን ጫካ ሆኗል። በአስጎብኚ ያዞራሉ። ሃይላንድ ፓርክ ነው ያለው።»

ሃይላንድ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ክፍለ ሀገር መኪና ባቆምኩ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ ፕላስቲክ ለመውሰድ የሚሮጡ ልጆች ታወሱኝ። መቼም የምናውቀው ነው፤ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም የጠርሙስ ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። የፈለገው ፋብሪካ ይሥራው፣ ፕላስቲክ ከሆነ ሃይላንድ ነው። ያኔውኑ ለቅዳሜው ጉብኝት ተመዘገብኩ።

ቤት ስደርስ መሽቷል። እልል ተባለ፤ ገንፎ ቀረበ፤ ሕፃኑን አቀፍኩ። እጄን ልታጠብ መታጠቢያ ቤት ስገባ የገላ ገንዳው አፉ ድረስ በውሃ ተሞልቷል። አጠገቡ ሁለት ባልዲ። ባልዲዎቹም ሙሉ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኩ።

«የእማዬ ሥራ ነው» አለች የአክስቴ ልጅ በሹክሹክታ። «እዚህ አገር ውሃ አይጠፋም ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳት።»

እቴቴ ከወጥ ቤት ሰማች። «አይታወቅም!»

አልፈረድኩባትም። የሷ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። በሳምንት የሚመጣበት ቀን ይታወቃል፤ የሚመጣበት ሰዓት አይታወቅም። እኩለ ሌሊት ላይ ቧንቧው ሲያስነጥስ ሰምታ ትነሳለች። ሮቶው ይሞላል፣ ከዚያ ጀሪካን፣ ከዚያ ድስት፣ ከዚያ ባዶ ሃይላንድ። እንዲህ የኖረ ሰው ብሩክሊን ስለገባ ቧንቧ አያምንም።

ቅዳሜ

ጉብኝቱ የሚጀምረው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ወጣሁ። ብርዱ ጥርስ አለው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለ ሰው ብሩክሊንን ሳያያት አልቀረም።

የአክስቴ ልጅ ቤት ሳይፕረስ ሂልስ ነው። ጄ ባቡር በብረት ምሰሶ ላይ ከጭንቅላት በላይ እየተንጋጋ የሚያልፍበት ሰፈር። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ሌሎቹን መንገዶች በሰያፍ የሚቆርጥ አንድ መንገድ አለ፤ ስሙ ፎርስ ቲዩብ አቬኑ። ስሙን ያገኘው ከሥሩ ከተቀበሩት ቧንቧዎች ነው። ድሮ ውሃ በግፊት ወደ ኮረብታው የሚወጣው በዚህ በኩል ነበር። ዛሬ ግራና ቀኝ መኖሪያ ቤት ነው። አንዱ በረንዳ ላይ የሃሎዊን ዱባ ተደርድሯል።

ብሩክሊን ራሷን የቻለች ከተማ እንደነበረች አላውቅም ነበር። እስከ 1898 የኒውዮርክ አካል አልነበረችም። በ1860 ሕዝቧ ከ260 ሺህ በላይ ሆኖ ከአሜሪካ ሦስተኛዋ ትልቅ ከተማ ነበረች። ጎረቤቷ ማንሃተን ከ1842 ጀምሮ ከክሮተን በቦይ የመጣ ውሃ ስትጠጣ፣ ብሩክሊን ገና የጉድጓድና የዝናብ ውሃ ትቀዳ ነበር። እሳት ሲነሳም ማጥፊያው ያው የጉድጓድ ውሃ ነው። በመጨረሻ ከሎንግ አይላንድ ጅረቶችና ኩሬዎች ውሃ በቦይ አምጥተው፣ አትላንቲክ አቬኑ ላይ በእንፋሎት ሞተር ገፍተው ኮረብታው ላይ ሰቀሉት። ሪጅውድ ማጠራቀሚያ ማለት ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገንዳዎች በ1858 ሥራ ጀመሩ። ከተማዋ ስታድግ አልበቃ ብሎ በ1891 ሦስተኛ ተጨመረ።

በቀላሉ የከተማው ሮቶ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። እቴቴ ይህን ለማስረዳት መሐንዲስ አያስፈልጋትም።

ደረጃውን ወጥቼ ስደርስ አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ተሰብስበናል። ግማሾቹ አንገታቸው ላይ ባይኖኩላር ያንጠለጠሉ ወፍ ተመልካቾች ናቸው። ጉብኝቱን የሚያዘጋጀው ኤንዋይሲ ኤች ቱ ኦ የሚባል ድርጅት ነው፤ የከተማውን የውሃ ታሪክ ለተማሪና ለነዋሪ ያስተምራል። አስጎብኚያችን ጭቃ የለመደ ቦት ጫማ ያደረገች፣ በፕላስቲክ የታሸጉ የድሮ ፎቶዎች የያዘች ሴት ናት። ገና ሰላም ሳትለን እጇን ወደ ደቡብ ዘረጋች። ከዛፎቹ በላይ ጀማይካ ቤይ ይታያል፤ ከሱ ማዶ ቀጭን የውቅያኖስ መስመር።

የቆምንበት ኮረብታ የበረዶ ሥራ ነው አለች። በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ከሰሜን የመጣ ግግር በረዶ አፈርና ድንጋይ እየገፋ መጥቶ እዚህ ሲደርስ ቀለጠ፤ የገፋውን እዚሁ ትቶት ሄደ። መሐንዲሶቹ ኮረብታ ተሠርቶ ነው የጠበቃቸው።

ከዚያ ፎቶ አነሳች። ሦስት ሰፋፊ ገንዳዎች፣ ልሙጥ የድንጋይ ግድግዳ፣ መስተዋት የመሰለ ውሃ፣ ኮፍያ ያደረጉ ወንዶችና ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሴቶች በዙሪያው ሲንሸራሸሩ። አንድም ዛፍ ውስጡ የለም።

«አሁን ዞር በሉ» አለች።

ዞርን። ከአጥሩ ወዲያ ጫካ ነው። ጫካ ስል የፓርክ ዛፍ ማለቴ አይደለም። በመስመር የተተከለ የለም፣ የተከረከመ የለም። የወደቀው እንደወደቀ ነው፤ በወደቀው ላይ ሌላ በቅሏል። መጀመሪያ ላይ ግራ የሚያጋባው ከፍታው ነው። ዛፎቹ ከገንዳው ወለል ስለሚነሱ የምናያቸው ከወገባቸው በላይ ነው። ከጫፋቸው ጋር ፊት ለፊት እንተያያለን። ወፍ ተመልካቾቹ ለምን እንደሚወዱት ገባኝ፤ አንገት ማንጋጠጥ የለም።

ማን ተከለው? ማንም። በ1959 መደበኛ አገልግሎቱ አበቃ፤ ብሩክሊን ከሩቅ ከካትስኪል ተራሮች የሚመጣ ውሃ ማግኘት ከጀመረች አርባ ዓመት አልፏት ነበር። ውሃው ሲጎድል ወለሉ ላይ ደለል ቀረ። ንፋስ የበርች ፍሬ አመጣ፤ ወፍ የዱር ቼሪ አመጣ። ከቀይ ሜፕሉ መሃል ስዊትገም የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ነው። በጥቅምት ይቀላል። አጥሩ ሥር አንድ የወደቀ አንስቼ መዝገብ ደብተሬ ውስጥ አስገባሁ።

ልቤን የነካችኝ ግን ሌላ ናት። አጥሩን ተደግፎ የቆመ፣ ቅርፊቱ እንደ ገመድ የተገመደ፣ ቅርንጫፉ እሾህ ያለው ዛፍ አየሁና ቆምኩ። ቅጠሎቹ ትንንሽና ጥንድ ጥንድ ናቸው። ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ።

«ይኼን እኛ አገር አውቀዋለሁ» አልኳት አስጎብኚዋን።

«ብላክ ሎከስት ነው» አለች። «አፍሪካ ውስጥ የምታውቀው ምናልባት አካሺያ ይሆናል። የሳይንስ ስሙ ራሱ ሱዶአካሺያ ነው።»

ሐሰተኛ ግራር። እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው የተሳሳትኩት። ስሙን ያወጡትም ያው መስሏቸው ኖሯል።

ዙሪያው ከአንድ ማይል ትንሽ ይበልጣል፤ ቦታው በጠቅላላ 50 ኤከር ገደማ ነው። በገንዳዎቹ መሃል በሚያልፈው ግንብ ላይ ስንደርስ የድሮው የውሃ መቆጣጠሪያ ቤት ታየ። ድንጋዩ ላይ ሽበት ወጥቷል። የመዝጊያው ብረት ዝጎ የቡና ገለባ መስሏል። አንድ ሐረግ በመስኮቱ ገብቶ በጣሪያው ወጥቷል፤ ኪራይ የከፈለ ይመስል።

መሃለኛው ገንዳ ከሁለቱ ይለያል። ውሃ አለው። የዝናብ ውሃ ነው፤ ቧንቧ አያመጣለትም። ዳር ዳሩን ሸምበቆ ከቦታል፣ ሰው ከነቁመቱ የሚጠፋበት። መሃሉ ላይ ትንንሽ ዳክዬዎች ጅራታቸውን ቀስረው ይዋኛሉ። ከጎኔ የቆሙ አዛውንት ባይኖኩላራቸውን አዋሱኝ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ማንም አልተናገረም። ከሰሜን በኩል የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ ከመንገዱ ወዲህ ዳክዬዋ ትሰጥማለች፣ ሌላ ቦታ ብቅ ትላለች። ከ150 በላይ የወፍ ዓይነት እዚህ ታይቷል ይባላል። እኔ የቆጠርኩት አራት ነው፤ አንዱ እርግብ ነበር።

ሸምበቆው ያምራል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ከሌላ አህጉር የመጣ ወራሪ ነው። ካልታጨደ ውሃውን ሁሉ ይውጠዋል። በጎ ፈቃደኞች እየመጡ ሸምበቆውን፣ የጃፓኑን አረምና ዛፍ የሚያንቀውን ሐረግ ይነቅላሉ። እዚህ ጋ አንድ ጎብኚ ጠየቀ፦ «ተፈጥሮ ራሱ ያበቀለው ነው ካላችሁ ለምን ትነቅሉታላችሁ?» አስጎብኚዋ ሳቀች። ቢተውት ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሆናል አለች። እኔ መልሱ አላጠገበኝም፤ ግን እኔም ችግኝ ከአረም የምለይ ሰው አይደለሁም።

የሰውን ጣጣ ነገረችን ደግሞ። ቦታው በ2004 ወደ ከተማው የፓርኮች መሥሪያ ቤት ሲተላለፍ ብዙም ሳይቆይ ከገንዳዎቹ አንዱን የስፖርት ሜዳ የማድረግ ሐሳብ መጣ። ሰፈርተኛውና ወፍ ተመልካቹ ተነሱ። የሰፈሩ ልጆች ሜዳ አያስፈልጋቸውም ማለት አይደለም፤ ጫካ ቆርጦ ሜዳ ለምን ነው ያሉት። ቀረ። ከዚያ ደግሞ ሕጉ መጣ። የገንዳው ግንብ በሕግ ዓይን ግድብ ነው፤ አደጋ እንዳያመጣ ይፈረስለት፣ ይበሳ ተባለ። ውሃ የሌለው ግድብ ማንን ያጥለቀልቃል? ይኸም ብዙ ካከራከረ በኋላ የአደጋ ደረጃው ዝቅ ተደርጎ ቀረ። በ2018 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ፤ በ2020 ደግሞ ግዛቲቱ እንደ ረግረግ መሬት ጥበቃ ሰጠችው። ሰው የሠራው ገንዳ፣ ሰው ሲተወው የተፈጥሮ ሀብት ተብሎ ተመዘገበ።

አንድ ነገር ግን ደብተሬ ላይ ከሥሩ አሰመርኩበት። በ1959 አገልግሎት አቆመ አልኩ እንጂ ያኔ ጨርሰው አልተውትም። ድርቅ ቢመጣ፣ ዋናው ቧንቧ ቢበላሽ ብለው እስከ 1989 ድረስ ለመጠባበቂያ ይዘውት ኖሩ። ሠላሳ ዓመት። ወዲያው የገላ ገንዳው ታወሰኝ።

ከጉብኝቱ በኋላ ብቻዬን አንድ ዙር ደገምኩ። ያ የመኪና ድምፅ የጃኪ ሮቢንሰን ፓርክዌይ ነው። ጥቁር ተጫዋች በማይገባበት የቤዝቦል ሊግ በ1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ገብቶ ያንን በር የከፈተው ሰው። መቃብሩ እዚያው አጠገብ ሳይፕረስ ሂልስ መካነ መቃብር ነው፤ ስሙን የያዘው መንገድ በአጠገቡ ያልፋል።

እሁድ

እቴቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «እስቲ ያንን የደረቀ ገንዳህን አሳየኝ» አለች። ደረጃውን ስለማትችለው በታክሲ ቨርሞንት ፕሌስ ላይ ወረድን። እዚያ መኪና ማቆሚያ አለ፤ ከሱ ወደ ማጠራቀሚያው መንገዱ ሜዳ ነው። ነጠላዋን በጃኬት ላይ ደርባለች። በእጇ ከቤት የሞላችው ሃይላንድ አለ። ሃይላንድ ይዘሽ ሃይላንድ ፓርክ ገባሽ ብዬ ብቀልድ አልሳቀችልኝም።

ከአጥሩ ወደ ውስጥ አየች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ይኼ ሁሉ ውሃ ነበር?»

«እስከ አፉ።»

«ታዲያ ምን ነካቸው? ሰው የሠራውን ውሃ ይጥላል?»

ሌላ አገኙ አልኳት። ከመቶ ማይል በላይ ከሚርቅ ተራራ ይመጣል፤ አብዛኛው ያለ ፓምፕ በራሱ ይወርዳል። አሰበች።

«ያኛው ቢቋረጥስ?»

ሠላሳ ዓመት ለዚያ ብለው እንዳቆዩት ነገርኳት። ፊቷ በራ። «አየህ! ለልጄ ንገርልኝ። መንግሥት እንኳ እንደኔ ነው የሚያስበው።»

ከዚያ በኋላ አካሄዷ ተለወጠ፤ የራሷ ግቢ ይመስል እያቆመችኝ ትጠይቀኛለች። ይኼ ምንድን ነው? በርች። ይኼስ? ሜፕል። ይኼ ግራር አይደለም እንዴ? ሐሰተኛ ነው። «ግራር ሐሰተኛ አለው?» አለች በቁጣ። ለዳክዬዎቹ ዳቦ ልትጥል ስትል አስቆምኳት፤ አስጎብኚዋ አትመግቧቸው ብላለች። «ሲርባቸው እያየሁ?» አለችና ዳቦውን ለራሷ በላችው።

መንገዱ ዳር ወገብ የሚደርስ፣ ቅጠሉ የተከፋፈለ፣ ታቹ ብርማ አረም በቅሏል። ትናንት ማንም አላየውም፤ አስጎብኚዋ ብቻ ማግዎርት ነው፣ እሱም ወራሪ ነው፣ እንነቅለዋለን ብላ አልፋዋለች። እቴቴ ጎንበስ አለች። አንድ ቅጠል ቀንጥባ በሁለት ጣቶቿ አሸች። አሸተተች። ዓይኗን ጨፈነች።

«አሪቲ!»

«ዘመዱ ነው እንጂ አሪቲ አይደለም...»

«ልታስተምረኝ ነው? አሽትት!»

አሸተትኩ። መራራ፣ ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘውን ሣር የሚያስታውስ ሽታ። አሪቲ ባይሆንም ከአሪቲ ጋር አንድ ግቢ ያደገ ነው። በኋላ ስልኬ ላይ ሳይ ሁለቱም አርቴሚዥያ የሚባል አንድ ወገን ናቸው፤ ጭቁኝም ከነሱ ነው። ለእቴቴ አልነገርኳትም፤ መረታቴን እንድታውቅ አልፈለግኩም።

ሁለት ዘለላ ቀጥፋለች። እዚህ ፓርክ ውስጥ መቅጠፍ ክልክል ነው አልኳት። «ነቅለው የሚጥሉት ነው አላልክም?» አለች። እኔ ነበርኩ ያልኩት። ከሃይላንዱ ጥቂት ጠጣችና የተረፈው ውሃ ውስጥ ዘለላዎቹን ሰካቻቸው።

ማታ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ቀለለ፤ ቅቤው ወርዷል። እጄን ልታጠብ ገባሁ። ገንዳው እንደ ዓርቡ ሞልቷል፤ ባልዲዎቹ ግን ሦስት ሆነዋል። መስኮቱ ላይ፣ ከሕፃኑ ሳሙና አጠገብ፣ ሃይላንዱ ቆሟል። ቤቱ በሙሉ የበዓል ጠዋት ይሸታል።